ደሴ ላይ የአረጋውያን ማዕከል ገብተን በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ከየት እንጀምር?

የአዝዋ ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። 11ኛ ክፍል ነን፤ ሦስት ሴቶች፣ አንድ ወንድ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነን። አረጋውያን የሚጦሩበት ማዕከል እየሄድን ማገልገል አስበናል። ደብዳቤ ከማን ነው የሚጻፈው? ዝም ብለን በር ብናንኳኳስ? ባዶ እጅ መሄድ ነውር ይሆን? ሙያ የለንም፤ ገብተን ምን ብንሠራ ይጠቅማል? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩን።

ማኅበራዊ ባለሙያ
አብሽሪ፣ ሙያ አለመኖሩ ችግር አይደለም። ማዕከሎች ተማሪ ሲመጣ ፊት የሚነሱት ሙያ ስለሌለው ሳይሆን ሁለት ሳምንት መጥቶ ስለሚጠፋ ነው። አዛውንቶቹ ይለምዱታል፤ ከዚያ ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር «ዛሬስ አይመጡም?» የሚለውን ጥያቄ ሠራተኛው ሲመልስ ይውላል። ስለዚህ ኃላፊው ፊት ስትቀርቡ የሚመዝናችሁ በዚህ ነው። ትንሽ ሰዓት ቃል ግቡ፣ ግን የማይቋረጥ ይሁን። «በሳምንት ሦስት ቀን እንመጣለን» ከሚል ተማሪ ይልቅ «ቅዳሜ ከ8፡00 እስከ 10፡00፣ ለሦስት ወር» የሚል ይታመናል።

በመጀመሪያው ቀን አራታችሁም አትሂዱ። በቡድን ዩኒፎርም ለብሳችሁ ከሄዳችሁ ለጉብኝት የመጣችሁ ይመስላቸዋል፤ ያስጎበኟችኋል፣ ይመርቋችኋል፣ ይሸኟችኋል። አለቀ። ሁለት ሰው በሥራ ቀን ይሂድ፤ ጠዋት 4፡00 ገደማ ወይም ከሰዓት 8፡30። ከዚያ በፊት ገላ ማጠብ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ቁርስና መድኃኒት ስላለ ማንም ቆሞ አያናግራችሁም። ከ5፡30 በኋላ ደግሞ ምሳ ነው። ሰኞ ጠዋት ብዙ ቦታ ስብሰባ አለ። አርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ቢሮ ሰው አትጠብቁ፤ ጁምዓ ነው።

በሩ ላይ ጥበቃው «ምን ፈለጋችሁ?» ሲል «ለመጎብኘት» ካላችሁ የጉብኝት ሰዓት ነግሮ ይመልሳችኋል። «የበጎ ፈቃደኞችን ጉዳይ የሚከታተለውን ሰው ለማነጋገር» በሉ። ገብታችሁ የምትጠይቁት አራት ነገር ነው፦ ተማሪ ትቀበላላችሁ ወይ፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ምን ወረቀት ትፈልጋላችሁ፣ ደብዳቤው ለማን ተብሎ ይጻፍ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሰው እጅ የሚያጥረው የቱ ሥራ ላይ ነው። የመጨረሻዋን በደንብ ጠይቁ። «ምን እናድርግላችሁ?» ስትሏቸው በይሉኝታ «መምጣታችሁ ራሱ ይበቃል» ይሏችኋል። «ቅዳሜ ስንት ሠራተኛ ነው የሚገባው? ሳይሠራ የሚያድረው የቱ ነው?» ብትሉ ግን ያልታጠፈ የልብስ ክምር፣ ፀሐይ ያልሞቁ አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች፣ ሰው ያጣ የዕቃ መጋዘን፣ እውነተኛው መልስ ይመጣል።

ባዶ እጅ ስለመሄድ፦ ለመጀመሪያው ቀን ነውር የለውም። እንዲያውም ዕቃ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ለጋሽ ተብላችሁ ትመዘገባላችሁ፤ የአገልግሎቱ ጥያቄ ይረሳል።

ባቲ ሰኞ
በዚህ አልስማማም። ደብዳቤ ሳይዙ ሄዶ ማነጋገር ጊዜ ማባከን ነው። በመንግሥት ሥር ያለ ወይም ከመንግሥት ጋር ተፈራርሞ የሚሠራ ማዕከል ያለ ደብዳቤ ማንንም አያስገባም። መጀመሪያ ደብዳቤ፣ ከዚያ እግር።

ማኅበራዊ ባለሙያ
ባቲ ሰኞ፣ ደብዳቤው እንደሚያስፈልግ እስማማለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው የተለያየነው። ሳይጠይቁ የተጻፈ ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ይጻፋል፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የተባለ ደብዳቤ ደግሞ ማንንም ስለማይመለከት መዝገብ ቤት ይተኛል። ለማን እንደሚጻፍ አንድ ጊዜ ሄዶ መጠየቅ ሁለት ጊዜ ከማጻፍ ያድናል። ማዕከሉ ራሱ «ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ አጽፋችሁ ኑ» ካለ መንገዱ ይረዝማል፤ ግን ይኬዳል።

መዝገብ ቤት
ረዥሙን መንገድ እኔ ልንገራችሁ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ላይ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም መኖሩን ከቢሮው ሳትወጡ እዩ፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ገቢ አይደረግም። ሁለት ኮፒ አንሱ። የከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ ስትሄዱ ቀጥታ ኃላፊው ክፍል አትግቡ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ኮፒያችሁ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስፍሩላችሁ። ደብዳቤው ወደ ኃላፊው ይወጣል፣ ኃላፊው ለባለሙያ ይመራል። በሦስተኛው የሥራ ቀን ተመልሳችሁ «ለማን ተመራ?» ብላችሁ በገቢ ቁጥሩ ጠይቁ። ደብዳቤ የሚጠፋው የሚከታተለው ሰው ሲጠፋ ነው። የተመራለትን ባለሙያ ስታገኙ ወደ ማዕከሉ የሚሄደውን ደብዳቤ በእጃችሁ እንዲሰጣችሁ ለምኑ፤ በፖስታ ወይም በመልእክተኛ ይሄዳል ካላችሁ ሳምንታት ይፈጃል።

የራሳችሁ ማመልከቻ ደግሞ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

*ቀን ……*
*ለ …… የአረጋውያን መርጃ ማዕከል*
*ደሴ*

*ጉዳዩ፦ በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ፈቃድ ስለመጠየቅ*

*እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው አራት የ…… ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ 8፡00 እስከ 10፡00 ሰዓት በማዕከላችሁ በነፃ ለማገልገል እንጠይቃለን። ልብስ ማጠብና ማጣጠፍ፣ ግቢ ማጽዳት፣ ለአረጋውያን ማንበብና አብሮ መጫወት እንችላለን። በሕክምናና በመድኃኒት ሥራ አንገባም፤ ያለ ፈቃድ ፎቶ አናነሳም። የማዕከሉን ደንብ እናከብራለን።*

*የትምህርት ቤታችን የድጋፍ ደብዳቤና የወላጆቻችን የፈቃድ ፊርማ ከዚህ ጋር ተያይዟል።*

*ከሰላምታ ጋር*
*ስም፣ ፊርማ፣ የወላጅ ስልክ*

የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን የወላጅ ስልክ ጻፉ። አንዱ ልጅ ቢወድቅ ወይም ቢታመም ማን ጋ እንደሚደወል ማዕከሉ ማወቅ አለበት።

ነርስ ከኮምቦልቻ
ሥራ ስትጀምሩ የሚሳሳቱባቸውን ነገሮች ልጻፍ፤ ይሄ ከደብዳቤው ይበልጣል።

ሳል፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም የዓይን ሕመም ያለው ልጅ በዚያ ሳምንት ይቅር። ለእናንተ ቀላል ጉንፋን የሆነው ለ80 ዓመት ሰው የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ደግሞ ለነቀርሳ ተመርምራችሁ ተመለሱ። ስትገቡ፣ ከአንዱ አዛውንት ወደ ሌላው ስትዞሩና ስትወጡ እጃችሁን በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ታጠቡ። ጥፍር አጭር፣ ጫማ ዝቅ ያለና የማያንሸራትት፤ የታጠበ ወለል ላይ የሚወድቀው አዛውንቱ ብቻ አይደለም።

ሰው ስታስነሡ ብብታቸው ሥር ገብታችሁ አትጎትቱ፤ ትከሻ ይወልቃል። መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ እግራቸውን አውርደው ይቀመጡ፤ ድንገት ሲነሡ ደም ግፊታቸው ስለሚወርድ ዞሯቸው ይወድቃሉ። ስትደግፉ በደካማው ጎናቸው በኩል ትንሽ ከኋላ ቁሙ። ምርኩዙ በጠንካራው እጅ ይያዛል። ደረጃ ሲወጡ ጠንካራው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ደካማው። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሰው ከመቀመጡና ከመነሳቱ በፊት ፍሬኑ በሁለቱም በኩል ይያዝ። ቁልቁለት ደግሞ ወደ ኋላ እየዞራችሁ አውርዱ፤ ደሴ ውስጥ ቁልቁለት የሌለበት ግቢ ስንት ነው? ፊት ለፊት ካወረዳችሁ ሰውየው ተንሸራተው ይወጣሉ።

ግማሽ ጎናቸው ለማይታዘዝላቸው ልብስ ስታለብሱ የታመመው እጅ መጀመሪያ ይገባል፤ ስታወልቁ ደህናው እጅ ይቀድማል። ሲገለበጥ ነው ጩኸት የሚሰማው።

ምግብ ማጉረስ የሚፈቀድላችሁ ሠራተኛ ካሳያችሁ በኋላ ነው። ተኝተው አይጎርሱም፤ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጭ ትንሽ ዝቅ ይበል። ጉርሻው ትንሽ ይሁን። የወሎ ሰው እንግዳ ሲያጎርስ እጁን ሞልቶ ነው፤ እዚህ ያ አይሠራም። የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይገባም። በልተው ሲጨርሱ ወዲያው አታስተኙ፤ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ስትሮክ ላለባቸው ሰዎች ቀጭን ውሃ ከወፍራም አጥሚት የበለጠ ትን ሊላቸው ይችላል። ካሳላቸው ወይም ድምፃቸው ውሃ ውሃ ካለ አቁሙና ነርስ ጥሩ።

መድኃኒት አትንኩ፤ ኪኒን ማቀበልም ቢሆን። የእግር ጥፍር አትቁረጡ፤ ስኳር ያለበት ሰው ትንሽ ቢቆረጥ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ከአልጋ የማይነሡ ሰዎችን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የሠራተኛው ሥራ ነው፤ ሁለተኛ እጅ ሆናችሁ አግዙ እንጂ ብቻችሁን አትጀምሩ። የወደቀ ሰው ካያችሁም አታንሡ። ባሉበት ይሁኑ፣ አንዳችሁ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ሌላው ሮጦ ሰው ይጥራ። የዳሌ አጥንት ተሰብሮ ከሆነ ማንሳት ያባብሰዋል።

ጦሳ ሥር
ለጽዳት በረኪና ሲሰጧችሁ፦ የአገራችን በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 ከመቶ ነው፤ ለቆሸሸ ወለል 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ። ለዛሬ የሚበቃውን ብቻ በጥብጡ፣ ካደረ ኃይሉን ያጣል። ሽንት የነካ አንሶላ ላይ ሳታለቀልቁ በረኪና እንዳትደፉ፤ ሽንቱ ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ተዋህዶ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። መጀመሪያ በብዙ ውሃ አለቅልቁ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። ከአሲድ የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር በጭራሽ አይደባለቅም።

ሐይቅ ዳር
ማንም ያላነሳው ነገር፦ ምግብ። ወሎ ነው ያለነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሐጂም መምሬም አልጋ ለአልጋ ይተኛሉ። ተማሪዎች በበጎ ልብ አዋጥተው ሥጋ ወጥ ሠርተው ይመጡና ግማሹ ሰው ሳይበላ ያድራል፤ የማን እርድ እንደሆነ ስለማይታወቅ። የክርስቲያኑን ለሙስሊሙ፣ የሙስሊሙን ለክርስቲያኑ አታቅርቡ። ሥጋ ካልሆነ አይሆንም ካላችሁ ሁለቱን ለየብቻ፣ በየድስቱና በየጭልፋው አድርጉ። ከሁሉ የሚቀለው ሁሉንም የሚያስማማ ነገር መያዝ ነው፤ ለስላሳ ዳቦ፣ ሙዝ፣ በደንብ የበሰለ ንፍሮ። ረቡዕ፣ አርብና ዐቢይ ጾም ላይ ቅቤና ወተት የነካ አይሁን። ረመዳን ላይ ቀን ምግብ ይዛችሁ አትዙሩ፤ ለአፍጥር የሚሆን ቴምር ብታስቀምጡ ይመረጣል። ቆሎ ጥርስ ይፈልጋል። ለስላሳና ከረሜላ ደግሞ ስኳር ላለበት ሰው መርዝ ነው፤ አምጥታችሁ በቀጥታ ለሰው ከምትሰጡ ለወጥ ቤት ኃላፊዋ አስረክቡ።

ቡና የምታፈሉ ከሆነ ከሁሉም ያስማማችኋል። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ አቦሉ ሲቀዳ ለሁለት ሰዓት ማንም አይሰለቸውም፤ ጨዋታውን እነሱ ይጀምሩላችኋል። ግን ጀበናና እሳት ለማስገባት ፈቃድ ጠይቁ። ዕጣኑም የሚያስላቸውና አስም ያለባቸው ሰዎች ክፍል ውስጥ አይጨስ፤ በረንዳ ላይ ይሁን።

ስልክ ላይ መንዙማ ወይም የድሮ የባቲና የአምባሰል ዜማ ብትከፍቱ የሚደሰቱ አሉ። ጠይቃችሁ ክፈቱ፤ በጾም ወራት ዘፈን የማይሰሙ፣ መንዙማ ሲሰሙ ደግሞ የሚያለቅሱ ይኖራሉ። ሙስሊም እናቶችን ስትጨብጡ ወንዱ ልጅ እጁን ቀድሞ አይዘርጋ። በአንቱታ ማናገሩን መቼም ለወሎ ልጅ አልናገርም። ከከሚሴ አካባቢ የመጡ አማርኛ የማይቀናቸው ይኖራሉ፤ ኦሮምኛ የሚችል ጓደኛ ካላችሁ እሱን ከቡድኑ አትተዉት።

ባቲ ሰኞ
ዕቃ ለማዋጣት ለምታስቡ፦ ጀምዓው ሁሉ የሚያመጣው ስኳርና ማካሮኒ ነው። ማዕከሉ ሁልጊዜ የሚያልቅበት የአዋቂ ዳይፐር፣ ጓንት፣ ኦሞ፣ በረኪና፣ አንሶላና የላስቲክ ፍራሽ ልብስ ነው። ልብስ የምትሰጡ ከሆነ ከፊት በአዝራር የሚከፈት ሹራብ፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ፣ ካልሲና ጋቢ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ የሚበቃ ልብስ እዚህ አይበቃም። በጭንቅላት የሚጠለቅ ልብስ ትከሻው ለደረቀ ሰው ስቃይ ነው።

የአዝዋ ተማሪ
እግዜር ይስጥልን፣ አሏህ ይስጥልን። ይሄን ሁሉ አላሰብነውም ነበር። ሦስት ነገር ልጨምር፦ የሚረሱ አረጋውያንን እንዴት ነው የምናናግረው? ምስክር ወረቀት መጠየቅ ያስነውራል? ደግሞ አዛውንቶቹ ራሳቸው «ይሄን ግዢልኝ» ቢሉስ?

ነርስ ከኮምቦልቻ
የሚረሱትን «አወቁኝ?» ብላችሁ አትጀምሩ። የአገራችን ሰላምታ ሁሉ እሱ ነው፤ ለእነሱ ግን ፈተና ነው። ሳያውቋችሁ ሲቀሩ ያፍራሉ፣ ይቆጣሉ። በመጣችሁ ቁጥር ስማችሁን ራሳችሁ ተናገሩ፦ «እማማ፣ ዘሃራ ነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምመጣው።» ከፊት ለፊት ቅረቡ፣ ዓይናቸው ትክክል ተቀመጡ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ ጠብቁ። ለማይሰማ ሰው መጮህ ድምፁን ያሰነጥቀዋል እንጂ አያሰማም፤ ወፈር አድርጋችሁ በዝግታ፣ ከንፈራችሁ እየታየ ተናገሩ። የሞተ ባላቸውን «የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ «ሞቷል» እያላችሁ በየሳምንቱ አታርዷቸው፤ ዋሽታችሁም «ይመጣል» አትበሉ። «እሳቸው ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወሬው ራሱ ያረጋጋቸዋል። ወደ በሩ የሚሄዱ ከሆነ እጃቸውን አትጎትቱ፤ አብራችሁ ጥቂት ተራምዳችሁ አዙሯቸው፣ ለጥበቃውም ንገሩ።

ማኅበራዊ ባለሙያ
የመግዛቱን ጉዳይ በጥንቃቄ። ጫት፣ ሱረት፣ ሲጋራ፣ ስኳር፤ እነዚህን ነው የሚልኳችሁ። ጫት ደም ግፊት ይጨምራል፣ ሌሊት ያስተኛቸዋል የተባለውን መድኃኒት ያከሽፋል። እምቢ ስትሉ ቢቀየሙም «ለኃላፊዋ ጠይቄ እመለሳለሁ» በሉ፤ ከዚያ በእውነት ጠይቁ። ከአረጋዊ እጅ ብር አትቀበሉ፣ አታበድሩ፣ ስጦታም ቢሆን። ገንዘቡ የት እንደገባ የማያስታውስ ሰው ነገ «ልጆቹ ወሰዱብኝ» ካለ የሚያስረዳላችሁ የለም። «ለልጄ ደውዪልኝ» ሲሏችሁም እንዲሁ፤ ቤተሰብ ያስቀየማቸው፣ ወይም የመጡበትን ለዘመድ ያልተናገሩ አሉ። ሠራተኛው ያውቃል፣ እሱ ይደውል።

ፎቶ፦ ማመልከቻችሁ ላይ ቃል ገብታችኋልና አታንሡ። ቲክቶክ ላይ የወጣን ምስል እዚያው መንደር ያለ ዘመድ አይቶ የተዋረደ ቤተሰብ ማዕከሉን ይከሳል፤ ማዕከሉ ደግሞ የሚቀጥለውን ተማሪ አያስገባም።

የክበብ አስተባባሪ
ምስክር ወረቀት መጠየቅ አያስነውርም፤ የሚያስነውረው በመጨረሻው ቀን መጠየቁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «ስንጨርስ የሰዓታችንን ማረጋገጫ ትጽፉልናላችሁ?» በሉ። አንድ ደብተር አስምሩ፦ ቀን፣ የመግቢያ ሰዓት፣ የመውጫ ሰዓት፣ የተሠራው ሥራ፣ የተረኛ ሠራተኛ ፊርማ። ሠራተኛው ሳይፈርም አትውጡ። ይሄ ደብተር ከሌለ ኃላፊው በምን ላይ ተመሥርቶ ይጽፋል?

አራታችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ብትፈራረቁ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። አራቱም በየሳምንቱ ከመጡ ለሁሉም ሥራ አይገኝም፣ ሁለቱ ሥራ ፈተው ስልክ ይነካካሉ፣ ሠራተኛው ይበሳጫል። ሲፈራረቁ ደግሞ አንዱ ቢታመም ሌላው ይተካዋል፤ ቅዳሜው አይቋረጥም። ነገር ግን እያንዳንዱ ጥንድ ሁልጊዜ ያንኑ ክፍል ይያዝ።

የፈተና ሳምንታትን አስቀድማችሁ አሳውቁ። የመጨረሻዋንም ቀን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ለአዛውንቶቹ ንገሩ፤ ሳይሰናበቱ መጥፋት ነው የሚጎዳቸው። ለመጀመር ደግሞ ፋሲካን፣ ገናንና ኢድን አትምረጡ። በዓል ሲሆን ግቢው በጎብኚ ይጨናነቃል፤ ጥቅምትና ግንቦት ግን ማንም የለም።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ቃል፦ መጠይቅ ይዛችሁ ከገባችሁ በጎ ፈቃድ አይደለም፣ ጥናት ነው። ለሱ ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ፈቃድና የእያንዳንዱ ሰው ስምምነት ይፈለጋል። ሁለቱን አታቀላቅሉ።

የወረኢሉ ልጅ
እኛ ጋ ማዕከል የለም። ምን እናድርግ?

መዝገብ ቤት
ማዕከል ባይኖርም ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን አሉ፤ ዝርዝራቸው ቀበሌው ጋ ነው። የቀበሌውን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛና የዕድሩን ዳኛ አናግሩ፤ ወደ አዛውንቱ ቤት የምትሄዱት ከእነሱ አንዱ አስተዋውቋችሁ ይሁን። ሁልጊዜ ሁለት ሆናችሁ፣ በቀን። ውሃ በ20 ሊትር ጀሪካን መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ክረምት ሳይገባ ጣራና ቦይ ማስተካከል። የክረምት በጎ ፈቃድ የቤት እድሳትም አለ፤ ምዝገባው በወጣቶችና ስፖርት በኩል ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ የጤና መድን ደብተር ማሳደስ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሳይታደስ ያለፈበት አዛውንት ጤና ጣቢያ ሄዶ ከኪሱ ይከፍላል። ደብተሩን እዩ፣ ቀኑ ካለፈ ወይም ከቀረበ ቀበሌው ጋ ሄዳችሁ ተሰለፉላቸው። መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚሸፍንበት ዝርዝር ስላለ ስማቸው መግባቱንም ጠይቁ። የጡረታ ብር ግን ወክላችሁ አትቀበሉ፤ አብራችሁ ሂዱ፣ ቆጥረው ራሳቸው ይያዙ።

የአዝዋ ተማሪ
ነገ በተቃራኒ ፈረቃችን ሁለታችን 4፡00 ላይ እንሄዳለን። የወላጅ ፊርማው ለእያንዳንዳችን በየወረቀቱ ነው ወይስ አንድ ላይ ይሆናል?

መዝገብ ቤት
በየወረቀቱ። የአንዷ ወላጅ ሐሳብ ቢቀይር የሌሎቻችሁ ወረቀት አይነካም።